የባልቲሞር ስኖቦል ፖስተር በድሮ ስልት፦ በረዶው ጥጥ እንዳይመስልባችሁ

ሜሪላንድ የምትኖሩ ስኖቦልን ታውቁታላችሁ። ለማታውቁት፦ በደቃቁ የተላገ በረዶ ኩባያ ሙሉ ተከምሮ፣ ሲረፕ ይፈስበታል። ከላይ ነጭ ማርሽማሎው ክሬም ይደረጋል። ባልቲሞር ላይ ብዙ ሰው የሚያዘው ጣዕም ኤግ ካስተርድ ነው፤ ቢጫ፣ የእንቁላልና የቫኒላ ጣዕም ያለው። ሰመር ሲገባ መንገድ ዳር ያሉት ትንንሽ ሱቆች ፊት ሰልፍ ነው።

ይህንን ነገር በድሮ ፖስተር ስልት ለመሥራት የሚሞክር ሰው ብዙ ነው። ሠርተው የሚያሳዩኝም ብዙ ናቸው። አብዛኛው ግን አንድ ዓይነት ስህተት ነው። በረዶው ጥጥ ወይም አይስክሬም ይመስላል። ሌላው ደግሞ ሥዕሉ ዘመናዊ ሆኖ ያልቅና መጨረሻ ላይ ቡናማ ፊልተርና የተሸበሸበ ወረቀት ይጫንበታል። ይሄ አዲስ ጋቢ ላይ ቡና ደፍቶ "የአያቴ ነው" እንደማለት ነው። ማንም አይሸወድም።

የድሮ ፖስተር ድሮ የሚመስለው ስላረጀ አይደለም። አታሚው በእጁ የነበረው ቀለም ብዙውን ጊዜ ሦስት ወይም አራት ብቻ ስለነበር ነው። ነጭ ቀለም ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አልነበረውም፤ ነጩ ወረቀቱ ራሱ ነበር። እንግዲህ በረዶ የምትሥሉት ቀለም በመቀባት ሳይሆን ባለመቀባት ነው ማለት ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህ ይመነጫል።

የሚያስፈልጋችሁ

- እርሳስ፣ ወፍራም ጥቁር ማርከር፣ ተራ ወረቀት
- ትንሽ ወፈር ያለ ነጭ ወረቀት (ለመቅደድ ነው፤ ደረጃ 6 ላይ ታዩታላችሁ)
- ያረጀ የጥርስ ብሩሽና ጥቁር ቀለም
- ስልክ
- በሌየር (አንዱ በሌላው ላይ በሚደራረብ ገጽ) የሚሠራ የሥዕል ፕሮግራም። ክሪታ ነፃ ነው፣ በማተሚያ ቀለምም ይሠራል። ፎቶሾፕ ያለው በእሱ ይሥራ።
- አንድ እውነተኛ ስኖቦል

ሦስት ምሽት መድቡ። በአንድ ምሽት ልጨርስ ያለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ደረጃ 3ን ይዘላል፤ የሚከስረውም እዚያ ነው።

ደረጃ 1፦ ስኖቦሉን ግዙ፣ ፎቶ አንሱ፣ ከዚያ ብሉ

ከትውስታ አትሣሉ። ትውስታችን ውስጥ ያለው አይስክሬም ነው።

1. ከመግዛታችሁ በፊት ቦታ ምረጡ። ፀሐይ ከጎን የምትመታበት ጠረጴዛ፣ ጠዋት ወይም ወደ አመሻሽ። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ ከአናት ስለምትመጣ የበረዶው ቅርፅ ይጠፋል።
2. ከኋላ ጠቆር ያለ ጨርቅ ወይም ካርቶን አቁሙ።
3. ኤግ ካስተርድ ከማርሽማሎው ጋር እዘዙ። ማርሽማሎው ከላይ እንዲሆን ተናገሩ፤ መሐል ላይም የሚያደርጉ አሉ።
4. አንድ ሜትር ያህል ራቁና ዙም አድርጉ። ስልኩን አፍንጫው ሥር ካስጠጋችሁት ኩባያው ሆዱ ያበጠ ይመስላል።
5. ስልኩን ከኩባያው ከንፈር ጋር እኩል ከፍታ ላይ ያዙ። ከላይ ወደ ታች አታንሱ።
6. በቅደም ተከተል አንሱ፦ ሙሉውን፣ የማርሽማሎውን ጠርዝ፣ በረዶው ከኩባያው ጋር የሚገናኝበትን፣ ሲረፕ ያልደረሰበትን ነጭ ቦታ።

ፍጠኑ። ቀኑ ሞቃት ከሆነ ሹል የነበረው የበረዶ ጠርዝ ጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይሟሟል። እኛ የምንፈልገው ደግሞ ያንን ሹል ጠርዝ ነው።

*ከተበላሸ፦* ቀለጠ? ብሉትና ሌላ ቀን ድገሙት። ሰመር ካልሆነ ወይም ሌላ አገር ካላችሁ ቤት ውስጥ አስመስሉት። ውኃ በላስቲክ ኩባያ አቀዝቅዙና በረዶውን በአይብ መፋቂያ ላጉት። ብሌንደር ውስጥ አትክተቱት፤ ጠጠር ይሆናል እንጂ ስኖቦል አይሆንም። ማርሽማሎው ክሬም በብልቃጥ ይሸጣል።

*ማስጠንቀቂያ፦* ከኢንተርኔት የሰው ፎቶ አውርዳችሁ ላዩ ላይ አትገልብጡ። መብት የሰው ነው። በዚያ ላይ የተገለበጠ ፎቶ ፖስተር አይወጣውም።

ደረጃ 2፦ አንድ ዘመን ምረጡ

"የድሮ" የሚባል አንድ ስልት የለም። የ1930ዎቹን ጠፍጣፋ ቀለም ከ1950ዎቹ የነጠብጣብ ጥላ ጋር ቀላቅሎ፣ የ1970ዎቹን ያበጠ ፊደል የሚጨምር ሰው ምን እንዳጠፋ አያውቅም። ተመልካቹ ግን የሆነ ነገር እንደማይገጥም ወዲያው ይሰማዋል።

እዚህ የምንሠራው በ1930ዎቹ የሐር ስክሪን ህትመት (ቀለም በተወጠረ ጨርቅ ውስጥ እየተገፋ የሚታተምበት) ስልት ነው። ለጀማሪ ይሄ ይሻላል፤ ጠፍጣፋ ቀለም፣ ትልልቅ ቅርፆች፣ በመስመር ያልተከበበ ሥዕል። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1943 በመንግሥት የሥራ ፕሮጀክት የተሠሩ 907 ፖስተሮች አሉት፤ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይታያሉ። አሥሩን ክፈቱና በእያንዳንዱ ላይ ስንት ቀለም እንዳለ ቁጠሩ። ይሄ የቤት ሥራ ነው፣ አትዝለሉት።

ዘመኑን ከመረጣችሁ ዕቃውም ይከተል። ዛሬ በአእምሯችን ያለው ነጩ የፎም ኩባያ ለዚህ ስልት አይሄድም። ሜሪላንድም እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 1 ቀን 2020 ጀምሮ የፎም የምግብ ዕቃ ከልክላለች፤ ስለዚህ የዛሬም የ1930ዎቹም አይደለም። ባለ መስመር የወረቀት ኩባያ ሣሉ።

ደረጃ 3፦ 12 ትንንሽ ረቂቅ

ኮምፒውተሩን አትክፈቱ።

1. ወረቀት ላይ 6 በ8 ሴንቲ ሜትር የሆኑ 12 ሳጥኖች አስምሩ። ፖስተሩ 18 በ24 ኢንች ስለሚሆን ምጥኑ አንድ ነው።
2. በወፍራም ማርከር ብቻ ሣሉ። ቀጭን ብዕር ዝርዝር ውስጥ ይከታችኋል።
3. የጽሑፉን ቦታ አሁኑኑ አጥቁሩት። ከሳጥኑ ሲሶ ያህል የጽሑፍ ነው።
4. ሲጨርሱ ፍሪጅ ላይ ለጥፋችሁ ሦስት ሜትር ራቁ። "ምንድን ነው?" ብላችሁ መጠየቅ የማያስፈልጋችሁን አንዱን ምረጡ።

ሰው እዚህ ላይ የሚሳሳተው በመጨመር ነው። ስኖቦሉ፣ ሸርጣኑ፣ የሜሪላንድ ባንዲራ፣ ወደቡ፣ ሁሉም ይግባ ይላል። ባንዲራው ቆንጆ ነው፣ ምንም አይወጣለትም፤ ግን በቢጫና ጥቁር፣ በቀይና ነጭ ስለተሸነሸነ አጠገቡ ያለውን ሁሉ ይውጣል። ሸርጣኑ ደግሞ ባልቲሞር ላይ ካልሲ ላይ ሳይቀር አለ።

እኔ የምመክረው ይሄንን ነው፦ ኩባያው ግዙፍ ሆኖ የፖስተሩን ከፍታ ሁለት ሦስተኛ ይያዝ። ከታች በስተኋላው፣ ትንንሽ ሆነው፣ የባልቲሞር ተያያዥ ቤቶች ይደርደሩ። በራቸው ፊት ያለው የነጭ እብነ በረድ ደረጃ ብቻ በቂ ነው፤ የከተማው ሰው አይቶ ያውቀዋል። ደረጃው ነጭ፣ ማርሽማሎውም ነጭ። ዓይን ከላይ ወደ ታች ይወርዳል።

ደረጃ 4፦ ቀለም ቆልፉ

አራት ቀለምና ወረቀት። አምስተኛ የለም። ቁጥሮቹ በመቶኛ ሆነው ሳያን (ሰማያዊው)፣ ማጀንታ (ወደ ሮዝ የሚያደላው ቀይ)፣ ቢጫ፣ ጥቁር በሚል ቅደም ተከተል ናቸው፦

- ካስተርድ ቢጫ፦ 0፣ 18፣ 80፣ 0
- ቀይ፦ 5፣ 90፣ 80፣ 0
- የሰማዩ ቱርኩዋዝ፦ 65፣ 15፣ 25፣ 0
- ጥልቅ ሰማያዊ፦ 100፣ 60፣ 20፣ 40

ጥቁር የለም፤ ጥልቁ ሰማያዊ የጥቁርን ሥራ ይሠራል። ሰማዩ ለምን ጠቆር አለ ብትሉ፣ ነጩ ማርሽማሎው የሚያርፈው እሱ ላይ ስለሆነ ነው። ፈዛዛ ሰማይ ላይ ነጭ አይታይም። ይሄ በጣም የተለመደ ስህተት ነው።

*ማስጠንቀቂያ፦* ሰማያዊ ላይ ሳያንና ማጀንታ አይቀራረቡ። ቢያንስ 30 ልዩነት ይኑራቸው። እኔ አንዴ 100 ሳያን ላይ 90 ማጀንታ አድርጌ 40 ፖስተር አሳትሜ ነበር። ስክሪን ላይ ሰማያዊ፣ ወረቀት ላይ ወይን ጠጅ። ጥፋቱ የማተሚያ ቤቱ አልነበረም፤ እኔው ነኝ። አሁንም ቁም ሣጥን ውስጥ ተጠቅልለው አሉ።

ክሬም ቀለም ያለው ጀርባ የሚወድ ሰው ክሬም ወረቀት ይግዛ። ነጭ ወረቀት ላይ ክሬም ማተም አንዱን ቀለም ያባክናል፤ ነጩም ከወረቀት በላይ የነጣ ይመስልና ያፈጣል።

ደረጃ 5፦ ፋይሉን አዘጋጁ

1. አዲስ ፋይል፦ 5475 በ7275 ፒክስል፣ በኢንች 300። ይሄ 18 በ24 ኢንች ሲሆን በየጎኑ ስምንተኛ ኢንች ለመቁረጫ ተጨምሮበታል። አውሮፓ ያላችሁ ኤ2 ከሆነ የምታሳትሙት 5031 በ7087 አድርጉ፤ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር አለው።
2. የቀለም ሁኔታው ሲኤምዋይኬ (ደረጃ 4 ላይ ያሉት አራቱ የማተሚያ ቀለሞች) ይሁን። ከመጀመሪያው።
3. መቁረጫው የሚያልፍበትን መስመር በጋይድ (በማይታተም መርጃ መስመር) አሳዩ። ከእሱ ወደ ውስጥ ሌላ 1 ሴንቲ ሜትር አስምሩ፤ ጽሑፍ ከዚያ አይወጣም።
4. ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ሌየር፦ ከታች ቱርኩዋዝ፣ ከዚያ ቢጫ፣ ቀይ፣ ከላይ ጥልቅ ሰማያዊ። የነጭ ሌየር አትፍጠሩ። ነጭ ስትፈልጉ ከሌሎቹ ላይ በላጲስ አጥፉ።

የመጨረሻው ነገር መጀመሪያ ላይ ያናድዳል። እጅ ወደ ነጭ ብሩሽ ይሄዳል። ታገሡ።

ዲጂታል መሥራት ሰነፍ ያደርጋልና ብሩሾቻችሁን ሁለት ብቻ አድርጉ፦ ጠርዙ ጥርት ያለ አንድ፣ ደረቅ ሻካራ አንድ። ቀስ በቀስ የሚደበዝዝ ቀለም ክልክል ነው።

ደረጃ 6፦ ሥዕሉ

እዚህ ብዙ እንቆያለን። ሦስት ዓይነት ጠርዝ እንዳለ ያዙልኝ፦ ኩባያው ቀጥ ያለ፣ በረዶው የተቀደደ፣ ማርሽማሎው የለሰለሰ። ሦስቱ ከተለያዩ ያለ ምንም ጥላ እንኳ ስኖቦል ይታያል። ከተመሳሰሉ ምንም ብታደርጉ አይሆንም።

*6.1 ኩባያው።* ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠበብ ያለ። ዓይናችን ከከንፈሩ ጋር እኩል ስለሆነ ከንፈሩ ቀጥ ያለ መስመር ሊሆን ምንም አይቀረው፤ ታችኛው ጠርዝ ግን ወደ ታች ትንሽ ይጎብጣል። ላዩ ላይ ቀይ መስመሮች ቁልቁል አውርዱ። መሐል ያለው ሰፊ፣ ወደ ጠርዝ ሲሄዱ እየቀጠኑ። ሁሉም እኩል ከሆኑ ኩባያው ጠፍጣፋ አጥር ይሆናል። መስመሮቹ ወደ ታች ሲወርዱ እንዲቀራረቡም አትርሱ።

*6.2 የበረዶው ጠርዝ።* ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ክብ ክብ እብጠት ከሠራችሁ ጥጥ ነው። ልሙጥ ድቡልቡል ከሠራችሁ አይስክሬም ነው። እኩል እኩል ጥርስ ካወጣችሁ መጋዝ ነው። በእጅ "የዘፈቀደ" ጠርዝ መሣል ከባድ ነው፤ እጅ ሳናውቀው ይደጋግማል። ስለዚህ አትሣሉት፣ ቅደዱት።

1. ወፈር ያለውን ነጭ ወረቀት ያዙ። በእርሳስ የጉልላት ቅርፅ በቀላሉ አመልክቱ፤ ከኩባያው አፍ ትንሽ ሰፋ ያለ።
2. መስመሩን ተከትላችሁ በጣታችሁ ቀስ እያላችሁ ቅደዱ። በአጭር በአጭሩ፣ አንዴ ወደ እናንተ አንዴ ወደዚያ። መቀስ አትንኩ።
3. ጥቁር ነገር ላይ አስቀምጣችሁ በቀን ብርሃን ቀጥ ብላችሁ ፎቶ አንሱ።
4. ፕሮግራሙ ውስጥ ወደ ጥቁርና ነጭ ብቻ ቀይሩት። ግራጫ አይቅር።
5. ቅርፁን መርጣችሁ ቢጫው ሌየር ላይ በካስተርድ ቢጫ ሙሉት። በዚያው ቅርፅ ስር ያለውን ቱርኩዋዝ አጥፉ፤ ግን ዙሪያውን 4 ፒክስል ያህል ተዉለት።

ያ 4 ፒክስል ምንድን ነው? ማሽን ላይ ወረቀት ትንሽ ይንሸራተታል። ሁለት ቀለሞች አፍ ለአፍ ብቻ ከገጠሙ መሐላቸው ያልታሰበ ነጭ ክር ይወጣል። ትንሽ ከተደራረቡ አይወጣም። ቀለማት በሚገናኙበት ሁሉ እንዲሁ አድርጉ፤ ነጭ ከሚያዋስነው በስተቀር።

*ከተበላሸ፦* ጠርዙ በጣም ቦጫጭቆ ጢም ከመሰለ ወረቀቱ ቀጭን ነው። ወፍራም ውሰዱ። በጣም ልሙጥ ከሆነ ፈጥናችኋል።

*6.3 ሲረፕ ያልደረሰበት።* ፎቶአችሁን ተመልከቱ። ሲረፕ ወደ ታች ይሰርጋል፤ ስለዚህ ከላይና ብርሃን በሚመታው ጎን ነጭ ቦታዎች ይቀራሉ። ቢጫው ላይ በላጲስ አውጧቸው። ሹል፣ ማዕዘን ያላቸው ፍንጣሪዎች፣ በሦስት መጠን፦ ጥቂት ትልልቅ፣ ብዙ ትንንሽ። በቡድን በቡድን ይሁኑ። እንደ ተልባ እኩል ከበተናችኋቸው ጨርቅ ላይ የታተመ ጥለት ይመስላሉ። ከበረዶው ስፋት አንድ ሰባተኛ ገደማ ነጭ ሲሆን አቁሙ። "ትንሽ ልጨምር" ስትሉ ከበቂ አልፏል ማለት ነው።

*6.4 የበረዶው ጥላ።* ቢጫን በግራጫ አታጥቁሩ፣ ይታመማል። የጥርስ ብሩሹን ጥቁር ቀለም ንከሩ፣ ትርፉን ጥረጉ፣ በአውራ ጣት ወረቀት ላይ እርጩት። ከቀኝ በታች በርከት፣ ወደ ግራ ሳሳ ይበል። አንሱት፣ ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩት፣ ቀይ ሌየር ላይ በቀይ አስገቡት። ቢጫ ላይ የተረጨ ቀይ ከሩቅ ሲያዩት ብርቱካናማ ጥላ ይሆናል። በረዶውም ሻካራ ይሆናል። አንድ ሥራ ሁለት ጥቅም። (ጠረጴዛውን ጋዜጣ አልብሱ። የእኔ ግድግዳ እስከ ዛሬ ነጠብጣብ አለበት።)

*6.5 ማርሽማሎው።* በአንድ እስትንፋስ እንደተሣለ ይምሰል። ለስላሳ፣ ሰፊ፣ ማዕዘን የሌለው። ሁለት ወይም ሦስት ጅረት ቢጫው ላይ ይውረድ፤ ርዝመታቸው አይመሳሰል፤ ጫፋቸው ድቡልቡል ይሁን። ሁሉም ያልታተመ ወረቀት ነው። ወርዶ የቆመበት ጫፍ ስር ብቻ አንድ ቀጭን የቱርኩዋዝ ጥላ አስገቡ። ይኸው ነው። ውስጡን በሽክርክሪት መስመር የሚሞላ ሰው የፀጉር አረፋ ይሥላል።

*6.6 ማንኪያውና ጥላው።* ማንኪያው ቀይ፣ አጋድሞ የተሰካ፣ የጉልላቱን ቅርፅ የሚሰብር። ኩባያው መሬት ላይ የሚጥለው ጥላ በጥልቅ ሰማያዊ፣ ረጅም፣ ወደ ቀኝ። ብርሃኑ የሚመጣው ከግራ ነው፤ ቤቶቹም እንዲሁ ከቀኝ ጎናቸው ይጥቆሩ። ቤቶቹን ከሁለት ቀለም በላይ አትስጧቸው።

አሁን ሥዕሉን ስክሪን ላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር እስኪሆን አሳንሱት። ኩባያ፣ በረዶ፣ ነጭ አናት ለየብቻ ከታዩ እለፉ። አንድ ላይ ከተድበሰበሱ ወደ 6.3 ተመለሱ፤ አብዛኛውን ጊዜ ነጩ ፍንጣሪ በዝቶ ማርሽማሎውን በልቶት ነው።

ደረጃ 7፦ ፊደሉ

ጠቅላላው ጽሑፍ ከስድስት ቃል አይብለጥ። ዋናው ቃል 18 በ24 ኢንች ላይ ቢያንስ 7 ሴንቲ ሜትር ቁመት፣ ትንሹ 1 ሴንቲ ሜትር።

ለእንግሊዝኛው ሊግ ጎቲክ ነፃ ነው፣ ቀጠን ረዘም ያለ ወፍራም ፊደል ነው፤ ለዘመኑም ይሄዳል። ሎብስተርን ተዉት። ጥፋቱ የፎንቱ አይደለም፤ የየበርገር ቤቱ ሜኑ ላይ ስላለ "ድሮ" ሳይሆን "የዛሬ አሥር ዓመት" ይላል።

በአማርኛም ለመጻፍ ለምትፈልጉ፣ እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ላለው ቤቴ የሠራሁት በሁለቱም ነው፦

1. ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን በጣም ወፍራም በሆነው መጠኑ አስቀምጡ። ይሄ መነሻ ነው እንጂ መጨረሻ አይደለም።
2. ሌየሩን አደብዝዛችሁ ላዩ ላይ ፊደሉን ራሳችሁ በጥርት ብሩሽ ሣሉት። የድሮ የአዲስ አበባ የሱቅ ሰሌዳ ሠዓሊዎችን አስቡ፤ ወፍራም እግር፣ ቀጭን ማገናኛ።
3. ፎንቱን በግድ ወደ ላይ አትለጥጡት። አግዳሚው ይወፍራል፣ እግሩ ባለበት ይቀራል፣ ፊደሉ ሰክሮ ይቆማል።
4. ክፍተቱን በዓይን አስተካክሉ። ኖ እና ቦ መካከል ያለው ሁሌ ሰፋ ብሎ ይታያል።

ፊደል ስታወፍሩ ሁለት ነገር ጠብቁ። የኖ ቀለበት እንዳይደፈን። የባልቲሞርን ባ እና የስኖቦልን ቦ የሚለያቸው ደግሞ የትኛው እግር እንዳጠረ ብቻ ነው፤ ባ ግራው፣ ቦ ቀኙ። እግሩን እኩል ካደረጋችሁት በ ይሆናል። ሥዕሉን ለማመጣጠን ወደ ጎን የምትገለብጡ ከሆነም ጽሑፉን አብራችሁ አትገልብጡ፤ ተሳስቶ እንደ ተገለበጠ ያወቅሁት "ስኖባል" የሚል ወረቀት ይዤ ነው።

ሲያልቅ ጽሑፉን ከፎንት ወደ ቅርፅ ቀይሩ። ካልቀየራችሁት ማተሚያ ቤቱ ያ ፎንት ላይኖረው ይችላል፣ የግዕዙ ፊደል ባዶ ሳጥን ሆኖ ይታተማል። ሳጥኑን አይተው "ዲዛይኑ ነው" ብለው የሚያትሙ አይጠፉም።

*ማስጠንቀቂያ፦* የእውነተኛ ሱቅ ስም ወይም አርማ ያለ ፈቃድ አታስገቡ። "ከዚህ ዓመት ጀምሮ" የሚል የፈጠራ ዓመትም አትጻፉ። የድሮ ለማስመሰል መዋሸት አያስፈልግም።

ደረጃ 8፦ ማስረጀት፣ የጨው ያህል

እስካሁን በትክክል ከሠራችሁ ፖስተሩ ያለ ምንም ማስረጀት ድሮ ይመስላል። ጥቂት ነገር ብቻ ጨምሩ።

1. ቀዩን ሌየር ብቻ ከ6 እስከ 8 ፒክስል ወደ አንድ ጎን ግፉት። ግማሽ ሚሊ ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው። ሌሎቹን አትንኩ፤ ሁሉም ከተንሸራተቱ ዓይን ያማል።
2. ሰፊው ሰማይ ላይ በደረቁ ብሩሽ፣ እንደ ላጲስ አድርጋችሁ፣ በጣም ትንንሽ ቀዳዳዎች አውጡ። ቀለም ያልያዘው ወረቀት ይመስላል። ትንሹ ጽሑፍ ላይ አትሂዱ።

የቡና ክብ፣ የታጠፈ መስመር፣ የተቃጠለ ጠርዝ የለም።

ደረጃ 9፦ ማሳተም

የስክሪናችሁን ብርሃን ወደ ግማሽ ዝቅ አድርጉና እንደገና እዩት። ወረቀት መብራት የለውም። ያኔ ከጨለመባችሁ ወረቀት ላይም ይጨልማል።

ከዚያ ማተሚያ ቤቱን ጠይቁ፦ የትኛውን የቀለም ፕሮፋይል ይጠቀማሉ? መቁረጫ ስንት ይፈልጋሉ? የማያብረቀርቅ፣ ከ200 እስከ 250 ግራም የሆነ ወረቀት አላቸው? የሚያብረቀርቅ አትውሰዱ፤ ሥራችሁን ሁሉ የፒዛ ብሮሹር ያደርገዋል። "ቀለሙን አታስተካክሉልኝ" ብላችሁም በጽሑፍ ተናገሩ። በቅንነት የሚያስተካክሉ አሉ፣ ያረጀውን ሁሉ ያድሱታል።

ሙሉውን ከማዘዛችሁ በፊት ሙከራ አሳትሙ። ማርሽማሎውን፣ የበረዶውን ጠርዝና ትንሹን ጽሑፍ የያዘ አንድ ቁራጭ፣ ሳይቀነስ በትክክለኛ መጠኑ፣ በዚያው ወረቀት ላይ። ቤት ያለው ፕሪንተር ለዚህ አያገለግልም፤ ቀለሙ ሌላ ነው። ሙከራውን በመስኮት ብርሃን እዩት።

- ቢጫው ወደ አረንጓዴ ካደላ ውስጡ ሳያን ገብቷል፤ ቁጥሩን ዜሮ አድርጉ።
- ቀዩ ነጠብጣብ ጠፍቶ ጭቃ ከሆነ ነጠብጣቦቹ ደቃቅ ናቸው። ከ4 ፒክስል ያነሱትን አጥፉ።
- ነጩ ቆሽሾ ከታየ ወረቀቱ መስሏችሁ የሆነ ሌየር ላይ የ1 ወይም የ2 ከመቶ ቀለም ቀርቷል። ማርሽማሎውን በቀለም ጠቋሚው ነክታችሁ አራቱም ዜሮ መሆናቸውን አረጋግጡ። ይሄንን ሁሌም አድርጉ፣ ችግር ባይኖርም።

ፋይሉን በቲፍ ወይም በፒዲኤፍ፣ በ300፣ ከነመቁረጫው አስረክቡ። በቴሌግራም እንደ ፎቶ አትላኩ፣ ይጨመቃል፤ እንደ ፋይል ላኩ።

በእጃችሁ ስክሪን ለምታትሙ ደግሞ ሥራው ግማሽ አልቋል። አራቱን ሌየር ለየብቻ ሙሉ ጥቁር አድርጋችሁ አውጡ፤ በአራቱም ማዕዘን የመገጣጠሚያ መስቀል ይኑር። ከፈካው ጀምሩ፦ ቢጫ፣ ቱርኩዋዝ፣ ቀይ፣ ጥልቅ ሰማያዊ። አንዱ ሳይደርቅ ሌላውን አታትሙ። ቀዩን ሆን ብላችሁ መግፋት እዚህ አያስፈልግም፤ እጃችሁ ሳትጠይቁት ይገፋዋል።

ስትወስዱት ሰፊ ቱቦ ውስጥ ይሁን እንጂ በላስቲክ አትሰሩት፤ ላስቲኩ ያነቀበት ቦታ አይቃናም። ስትሰቅሉት ከቀጥታ ፀሐይ አርቁት። ቀዩና ቢጫው ቀድመው ይገረጣሉ፣ ሰማያዊው ይቀራል። ሁለት ሰመር መስኮት አጠገብ የቆየ የካስተርድ ስኖቦል ሲረፕ ያልፈሰሰበት ባዶ በረዶ ሆኖ ታገኙታላችሁ።